ሁለተኛ የጠየቀኝ የለም

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለአንድዬ ወንድሜ፤

እንዴት ሰንብተሃል? ጉልበትህስ፣ ደረጃ ስትወጣ የሚያንቀጠቅጥህ ነገር ተወህ ወይ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ጎረቤቱ፣ ጓሮው፣ በሩ ላይ ተጋድሞ ሌባ ሲያልፍ ጅራቱን የሚቆላው ያ ሰነፍ ውሻ ሳይቀር እንዴት ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ እናታችን እንዴት ናት? ትበላለች ወይ? ትተኛለች ወይ? ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ የሚያወጣት ሰው አለ ወይ? እንደ አመልህ «ሁሉም ደህና ነው» ብለህ የጠየቅኩህን ሁሉ በአንድ ቃል እንዳትደፍነው። አንድ በአንድ መልስልኝ።

እኔስ፣ ደብዳቤ ላይ እንደሚባለው፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም ብልህ ደስ ባለኝ። አልታመምኩም፤ ግን ደህና አይደለሁም። እጄ ሥራ አልይዝ፣ እግሬ ቤት አልቀመጥ ብሎኛል። ይህን ወረቀት እንኳ ከጀመርኩት ወዲህ መስኮቱን ስከፍትና ስዘጋ ነው የቆየሁት። ምክንያቱን እጽፍልሃለሁ፤ ተቀመጥና አንብበው። በስልክ ያልነገርኩህ በስልክ አንተ ትናገራለህ እንጂ ስለማትሰማ ነው። ወረቀት ግን መሃል ላይ አይቋረጥም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «እናታችን ደክማለች፤ ትጠራሻለች። ባለቤቴ ሥራዋንም ቤቱንም እሷንም አልቻለችም። አንቺ የአንድ ዓመቱን ትምህርት ልትጨርሺ ነው፤ ይበቃሻል። በዚህ ዕድሜ ተማሪ ነኝ ማለት ለሰው ወሬ መሆን ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆንብሽ፣ ሰኔ ላይ ጠቅልለሽ ነይ» ብለሃል። ዱሮ ቢሆን ደብዳቤህን የሚያነብልኝ ሰው ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት እዞር ነበር፤ ያ ሰውም ለእኔ አዝኖ ዶሮዋን ይዘልላት ነበር። አሁን ልጆቼን ድሬ፣ ፀጉሬ ከነጣ በኋላም ቢሆን ፊደል ቆጥሬያለሁና፣ ዶሮዋም ታንቃ መሞቷም ሳይጓደል ደርሶኛል። እግዜር ይስጥህ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት አኗኗሬን ልንገርህ። ሰው ስለ እኔ ሲጠይቅህ «እሷማ ውጭ አገር ተማሪ ሆናለች» ብለህ ከንፈርህን እንደምትመጥ ታናሻችን ነግራኛለች። እንግዲህ ስትመጥ ምን እንደምትመጥ እወቀው።

ልጄ ሕፃኗን እንድይዝላት አስመጣችኝ፤ ሕፃኗ አፀደ ሕፃናት ስትገባ እጄ ባዶ ቀረ። ከመስኮት መኪና ከመቁጠር ብላ ቋንቋ ትምህርት ቤት አስገባችኝ። ከዚያ ይህ የስፌት ትምህርት ቤት ተገኘ። ከልጄ ከተማ ስለሚርቅ የምኖረው ተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ነው። ክፍሌ ወጥ ቤቱ አጠገብ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቁም ሣጥን አለኝ፤ አልጋው ጠባብ ስለሆነ ስገላበጥ መጀመሪያ አስብበታለሁ። የመጣሁ ቀን አንዱ ወጣት ኮሪደሩ ላይ አግኝቶኝ፣ በአክብሮት፣ «የማንን ክፍል ነው የሚፈልጉት፣ እናቴ?» አለኝ። «የራሴን» አልኩት። ልጁ እስከ ዛሬ ሲያየኝ ይቀላል።

ወጥ ቤቱ የጋራ ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ መደርደሪያ ተሰጥቶናል፤ ግን የኔ ወተት ሲያንስ እንጂ ሲጨምር አይቼ አላውቅም። ልጆቹ ድስት አሳርረው ውሃ ይሞሉበትና «ይራስ» ብለው ይተዉታል፤ ድስቱ ሳምንት ይርሳል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ያሉት አባቶች ልጅ ያሳረረውን አላዩም። አንድ ቀን ሁሉንም አጥቤ ደረደርኩላቸው። በማግስቱ ይብሱን ቆለሉልኝ። ከዚያ ወዲህ የራሴን ብቻ አጥባለሁ፤ እናትነት እዚህም ተከትሎኝ እንዲመጣ አልፈቅድለትም።

ጠዋት ሳይረፍድ ትምህርት ቤት እገባለሁ። ሰፊ አዳራሽ ነው፤ የስፌት መኪናዎቹ በረድፍ ተደርድረዋል፣ መሃል ላይ ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፣ ጥግ ላይ ራስ የሌላቸው የልብስ አሻንጉሊቶች ቆመዋል። መምህሩ ሲገባ ልጆቹ ንቅንቅ አይሉም፤ እኔ ብድግ እላለሁ። «ተቀመጪ» ይለኛል ሁልጊዜ። በስሜ ጥሩኝ ብሎናል፤ ጥርሴ ላይ ደርሶ ይመለሳል እንጂ አይወጣልኝም። ሲያስረዳ ግማሹን አልሰማውም፤ ዓይኔን ጣቱ ላይ ተክዬ እውላለሁ። እጅጌ ትከሻ ላይ ሲገጠም ትንሽ ከተሸበሸበ «ተርትሪው» ይላል። እተረትራለሁ። እንደገና እሰፋለሁ። «ተርትሪው» ይላል። አንዳንዴ ማታ ስተኛም ጣቴ ክር ሲመዝ ይሰማኛል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አገር ቤት ሳለሁ ልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ ስንት ዘመን እንደቆየሁ አንተ ታውቃለህ። ቁልፍ ሰፋሁ፣ ጠርዝ ሰፋሁ፣ ገበር ሰፋሁ። ሰውየው ግን አንድም ቀን መቀሱን አላስጨበጠኝም። ጨርቅ ዘርግቶ በጠመኔ አስምሮ ሲቆርጥ ጀርባውን ይሰጠኝ ነበር፣ እንዳላይ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው የቆረጠውን ስሰፋ ኖርኩ ማለት ነው። እዚህም የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት የተቆረጠውን መስፋት ነው። መቁረጥ የሚማሩት በሁለተኛው ዓመት ነው፤ የሰውን ቁመና ለክቶ፣ ቅድ አውጥቶ፣ ከምንም ኮት ማድረግ። ወደዚያ የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው። ወንድሜ፣ እኔ ያንን ፈልጌው ነበር። የጠማው ሰው ውሃ እንደሚፈልግ አይደለም፤ ሌባ የሰው ንብረት እንደሚፈልግ፣ ዓይኔን እየሰበርኩ ነበር የምፈልገው።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሴት ናት። ቃል አታባክንም፤ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ቆርጣ ትሰጥሃለች፤ ስለዚህ በልቤ «መቀስ» ብያታለሁ። ከፋሲካ በኋላ አስጠራችኝ። ቢሮዋ ገባሁ። «ለሁለተኛው ዓመት አንድ ቦታ ቀርቷል። መምህርሽ ስለ ሥራሽ ጥሩ ተናግሯል። ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ።

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን ምን አለ? «ኧረ ምን በወጣኝ! ለእኔ ይህም ይበቃኛል፤ ለልጆቹ ይሁን» አለ። ወግ ነው እንግዲህ። እንግዳ «ብላ» ሲባል «በልቻለሁ» ይላል፤ «በሞቴ» ሲባል «ኧረ ተዉኝ» ይላል፤ በሦስተኛው እጁን ይታጠባል። እኔም እጄን ልታጠብ ስሰናዳ መቀስ «እሺ፤ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» ብላ ተነሥታ በሩን ከፈተችልኝ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉሃል ይህ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ እንኳ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። አሁን ወጥታ «እንዴት እንዲህ ትያለሽ፣ የሚገባውስ ላንቺ ነው» ትለኛለች ብዬ። አልወጣችም። ያን ሳምንት በአዳራሹ ባለፈች ቁጥር ጀርባዬን ቀና አደርጋለሁ፣ መነጽሬን አስተካክላለሁ፤ የጋለውን ካውያ እንኳ ከእኔ የበለጠ ትኩር ብላ ታያለች። ሳምንቱ ሲያልቅ ቦታው ከኋላዬ ለሚቀመጠው ረጅም ልጅ እንደተሰጠ ሰማሁ። ልጁ ክፋት የለበትም፤ መርፌዬ ሲወድቅ አጎንብሶ ያነሣልኛል። ያን ቀን ግን ሲያነሣልኝ አመሰግናለሁ ማለት አቃተኝ።

መቀመጥ ያቃተኝ ከዚያ ወዲህ ነው። የታጠበ ልብስ መልሼ አጥባለሁ። ደህና የተሰፋ እጅጌ እተረትራለሁ። ከትምህርት ቤት ስወጣ አውቶቡስ እሳፈርና መጨረሻው ድረስ ሄጄ፣ ሹፌሩ «እዚህ ነው የሚያበቃው» ሲለኝ እንዳልሰማ ሰው ተቀምጬ ከሱ ጋር እመለሳለሁ። ሹፌሩ አሁን ለምዶኛል፤ «ዛሬም አልደረስሽም?» ይለኛል።

በዚሁ መሃል ነው ያንተ ደብዳቤ የደረሰኝ። እዚህ በገዛ አፌ ይቅርብኝ ብያለሁ፣ እዚያ ነይ ተብያለሁ። እግዜር ራሱ ሻንጣዬን እየዘጋልኝ ነው አልኩ። ማንም አያውቅብኝም። ለእናቴ ብላ ትምህርቷን ትታ መጣች ትባላለች፤ አንተም በሰው ፊት ታመሰግነኛለህ። ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ሞላሁት። መልሼ አወጣሁት። ደግሞ ሞላሁት። ጎኔ ያለው ክፍል ውስጥ የሚኖረው ልጅ ግድግዳውን ደበደበ።

አጠገቤ የምትሰፋ ሴት አለች፤ እሷም ከሌላ አገር የመጣች የልጆች እናት ናት። ሳቋ ከመኪናዋ ድምፅ ይበልጣል። ምሳ ሰዓት ላይ፣ «ለምንድነው ሁለተኛውን ዓመት አልፈልግም ያልሽው?» አለችኝ።

«እኔ? አልፈልግም አላልኩም። ለልጆቹ ይሁን ነው ያልኩት።»

«እሱ እኮ አልፈልግም ማለት ነው!»

«አይደለም። እፈልጋለሁ፣ ግን ጨዋ ነኝ ማለት ነው።»

«ታዲያ ኃላፊዋ ይህን በምን ትወቀው? ጠንቋይ ናት?» ብላ ያን ሳቋን ለቀቀችው። እኔ አልሳቅኩም። እንዲያውም ይዣት ወደ ጥግ ወሰድኩና፣ «እባክሽ አንቺ ግቢልኝ፤ አማላጅ ሁኚኝ» አልኳት። «ምን ብዬ?» አለች። «እኔ እንደላክሁሽ ሳታስመስዪ፣ እሷ እኮ ቢለምኗት እምቢ አትልም በያት» አልኳት። ምሳዋን አስቀምጣ አየችኝና፣ «ልትማሪ ነው ወይስ ልታገቢ?» አለችኝ።

ተናድጄ ተነሣሁ። ሳቋ አይደለም ያናደደኝ። የዚህ አገር ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም ብዬ ልራገም ስል፣ ያገሬስ ሰው መቼ ጠየቀኝ የሚል ነገር መጣብኝ። አንተ ትንሽ ስለነበርክ አታስታውሰውም። ከቤት አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ይግባ የተባለ ጊዜ አባታችን መጀመሪያ የጠየቀው እኔን ነው፤ ታላቅ ነኝና። «አንቺስ መግባት ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። «እሱ ይግባ፤ እኔ እናቴን ላግዝ» አልኩ። አፌን ይዤ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ፣ እንደ ጨዋ ልጅ። ደግሞ እንዲጠይቀኝ ነበር የጠበቅኩት። እሱ ግን «ጎሽ፣ የኔ ልጅ» ብሎ ራሴን ዳብሶ መረቀኝ። አንተ ደብተር ይዘህ ሄድክ፤ እኔ ምርቃት ይዤ ቀረሁ። አባታችንን አልወቅስም፤ ነፍሱን ይማር፤ የሰማውን ነው ያመነው። ግን ያ ምርቃት አንድ ቀን እንኳ ስሜን አላስጻፈኝም።

በማግስቱ የመቀስን በር አንኳኳሁ። መንገድ ላይ የምናገረውን ሳሰናዳ ነበር። በኛ ቋንቋ ቢሆን «እንደው ምናልባት»፣ «ካልከበደ»፣ «ድፍረት አይሁንብኝና» እያልኩ እንደ ሕፃን በሦስት ጨርቅ ጠቅልዬ አቀርበው ነበር። በነሱ ቋንቋ ግን እነዚህን አላውቃቸውም። የማውቀው ባዶውን ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ቆሜ «ቦታውን እፈልጋለሁ» አልኳት። ወንድሜ፣ ይህን ቃል ለራሴ ብዬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለልጆቼ ፈልጌያለሁ፣ ላንተ ፈልጌያለሁ።

መነጽሯን ወደ ግንባሯ ከፍ አድርጋ፣ «አልፈልግም ብለሽኝ ነበር» አለች።

ይሉኝታን በነሱ ቋንቋ ምን እንደሚሉት ስለማላውቅ «ዋሽቼ ነበር» አልኩ።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«እንድትለምኚኝ።»

አልሳቀችም። «እኔ ማንንም አልለምንም» አለች። «አሁን ገብቶኛል» አልኳት። ወረቀቷን ስታገላብጥ ቆየችና፣ «ቦታው ለልጁ ተሰጥቷል፤ አልነሣውም። አንቺን የመጀመሪያ ተጠባባቂ አደርግሻለሁ። ከሚገቡት መሃል የሚቀር ካለ ትገቢያለሽ። ግን ስጠራሽ በማግስቱ መገኘት አለብሽ፤ ከዚህ ከሄድሽ የለም» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። ይህን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ አልቆምኩም።

እንግዲህ ለደብዳቤህ መልሴ ይህ ነው። አልመጣም።

ቦታውን አግኝቼ አይደለም። ላላገኘውም እችላለሁ። ረጅሙ ልጅና ጓደኞቹ ሁሉም ከገቡ እዚሁ ልብስ አስተካካይ ቤት ሱሪ ሳሳጥር እከርማለሁ፤ ሥራውን አነጋግሬያለሁ። ቁጭ ብዬ አይደለም የምጠብቀው፤ እንደዚሁ እየተቁነጠነጥኩ ነው። ግን እጠብቃለሁ። አንተም ደብዳቤዬን ገልብጠህ ከሥሩ «ለምኑኝ» የሚል ነገር እንዳትፈልግበት። ይህ እምቢታ ሲለመን የሚላላው ዓይነት አይደለም። ታናሻችንን ብታስደውልብኝ፣ ሽማግሌ ብትሰበስብብኝ፣ ያንኑ ነው የምትሰሙት።

ስለ እናታችን የማላስብ እንዳይመስልህ። ቤትህ ሰፊ ነው። ታናሻችን ቅዳሜና እሑድ እየመጣች ትርዳህ። ባለቤትህን አሳርፋት፤ ያች ሴት እኮ ሰው ናት። እናትን ማጠብ የሴት እጅ ብቻ ነው ያለህ ማነው? ውሃውን አንተ አሙቅ፣ እግሯን አንተ እጠብ። አንተን ያጠበች እሷ ናት፤ ከሷ ቀጥሎ ያጠብኩህ ደግሞ እኔ ነኝና ሥራው ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ፤ አይገድልም።

ከሁሉ የሚብስብኝ ግን ይህ አይደለም። ባለፈው ስልኩን ስትሰጣት እናታችን ምን አለችኝ መሰለህ? «እኔ ምን ሆኜ! ትምህርትሽን ተማሪ። ለእኔ ብለሽ እንዳትመጪ» አለችኝ። አንተ «ትጠራሻለች» ብለህ ጽፈሃል። የቱን ልመን? ምናልባት አንተ የራስህን ድካም በሷ አፍ ጽፈኸው ይሆናል። ምናልባትም እሷ ናፍቆቷን ደብቃው ይሆናል። ያንን «ለልጆቹ ይሁን» የሚለውን ወግ እኔ ከማን ተማርኩት? ከሷ አይደለም ወይ? ያቺ ሴት መሶቡ ባዶ ሲሆን «እኔስ ጠግቤያለሁ» እያለች ያሳደገችን ናት። እንቅልፍ የነሣኝ፣ አውቶቡስ ለአውቶቡስ የሚያዞረኝ፣ ቦታው ብቻ አይደለም። የእናቴን «አትምጪ» ማንበብ አቅቶኛል። ፊደሉ ይኸው፤ ቆጥሬዋለሁ። እሷን ግን ማንበብ አቅቶኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር አስቸግርሃለሁ። ይህን ደብዳቤ ለእናታችን ከዳር እስከ ዳር አንብብላት። አንተን የሚነካው ጋ ስትደርስ እንዳትዘል፤ ዱሮ የሰው ደብዳቤ ስታነብልን ስትዘል ትንፋሽህ ያስታውቅ ነበር። አንብበህ ስትጨርስ ስልክ ደውልልኝና ጆሮዋ ላይ አድርግላት። ከዚያ አንተ ከክፍሉ ውጣ። በሩንም ዝጋው። «አልመጣም» ያልኩት ላንተ ነው። እሷ በገዛ አፏ ነይ ካለችኝ ቦታውም ይቅር፣ መጠበቁም ይቅር፣ እመጣለሁ። በገዛ አፏ ግን።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ በርቺ፣ ትንሽም ተቆጪ በላት። ትልቁን ልጅህን ሒሳቡ ተስተካከለ ወይ ብላለች በለው። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የምትወልቀው ጥርሷ ወለቀች ወይ? ታናሻችንን ነገር ስለምታመላልስልኝ አመሰግናለሁ፣ እንዳታቋርጥ በላት። ጎረቤታችንን፣ ያችን እንቅልፍ የሌላትን ባልቴት፣ ዓይኗን እንድትታከም ንገራት። ውሻውንም እንኳ ሰላም በለው፤ እሱ ቢያንስ የሚፈልገውን አይደብቅም።

ለእናታችን ደግሞ ይህን ቀስ ብለህ፣ ጮክ ብለህ አንብብላት። እማዬ፣ እግርሽን ስሜያለሁ። ጨዋነቱን ዛሬ ለእኔ ተይልኝ። ልምጣ ወይስ ልቅር? ሁለተኛ እንደማልጠይቅሽ አድርገሽ መልሽልኝ።

ታላቅ እህትህ

ከተማሪዎች ማደሪያ፣ ወጥ ቤቱ አጠገብ ካለው ክፍል
ግንቦት ፲፬ ቀን